የዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት አመጋገብ በወሎ

ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት አመጋገብ (በከተማ አነጋገር «ሎው ካርብ»፣ ጠበቅ ሲል «ኬቶ») እንጀራን፣ ዳቦን፣ ድንችንና ስኳርን ቀንሶ በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በአይብ፣ በቅባት እህልና በጎመን የሚተካ አበላል ነው። ብዙውን ጊዜ በቀን ከ130 ግራም ያነሰ ካርቦሃይድሬት መመገብ በዚህ ስም ይጠራል፤ ከ20 እስከ 50 ግራም ያለው በጣም ዝቅተኛ ይባላል። በወሎ ይህን አበላል ለጥቂት ሳምንት መያዝ ብዙም አይከብድም። የሚከብደው ዓመት ማዝለቁ ነው፤ ምክንያቱም የወሎ ዓመት በጾምና በፍስክ፣ በረመዳንና በዒድ የተከፋፈለ ነውና በጥር የሠራው ልክ በመጋቢት አይሠራም።

አመጣጡ

እ.ኤ.አ. በ1863 ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ቀብር አስፈጻሚ ስኳርና ዳቦ በመተው እንደቀጠነ ጽፎ አሠራጨ። በ1921 ራስል ዋይልደር በማዮ ክሊኒክ «ኬቶጄኒክ» የሚለውን ስም ለሚጥል በሽታ ሕክምና አወጣለት። በ1970ዎቹ ሮበርት አትኪንስ ለውፍረት መቀነሻ አስፋፋው።

ለራስ ማስማማት ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ግን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደውና በ2018 የታተመው ጥናት ነው። 609 ሰዎች ለ12 ወራት ተከፍለው ግማሾቹ ስብ፣ ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት ቀነሱ። ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ጣሉ፤ ልዩነቱ ያን ያህል ቁም ነገር የሚያሰኝ አልነበረም። ትልቁ ትምህርት በአሠራሩ ላይ ነው። ተሳታፊዎቹ መጀመሪያ እስከ 20 ግራም ዝቅ አሉ፤ ከዚያ «ይህን ዕድሜ ልኬን ልይዘው እችላለሁ» እስከሚሉበት ልክ ድረስ በየሳምንቱ ከ5 እስከ 15 ግራም እየጨመሩ ወጡ። የመጨረሻው ልክ ከሰው ሰው ይለያያል። በ2021 የታተመና 23 ጥናቶችን ያጣመረ ምርመራ ደግሞ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ላይ በ6 ወር የታየው ጥሩ ውጤት በ12 ወር እየሳሳ እንደሄደ አሳይቷል። ሰው ጥብቁን ልክ ይዞ አለመዝለቁ ለዚህ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

የወሎ እህልና ማዕድ

በደላንታ፣ በለጋምቦና በመቅደላ ደጋ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይበዛል፤ በወይና ደጋው ጤፍ፣ ሽምብራና ምስር፤ በቆቦ፣ በቃሉና በባቲ ቆላ ማሽላና ማሾ። ስለዚህ «እንጀራ ቀንስ» የሚለው ምክር በየአገሩ የተለያየ እንጀራ ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ በካርቦሃይድሬት መጠን እህሎቹ ብዙ አይራራቁም። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 73 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚህ 8 ግራም ያህሉ ሰውነት የማይፈጨው አሰር (ፋይበር) ነው። ማሽላና ገብስም በዚሁ አካባቢ ናቸው። «ቀይ ጤፍ ስኳር የለውም» የሚባለው ልክ አይደለም። ከነጭ የስንዴ ዳቦ ይሻላል የሚለው ግን እውነትነት ሊኖረው ይችላል፤ በዚህ ላይ የታተሙት ቁጥሮች እርስ በርስ የተራራቁ ናቸው። እርሾም ጥቂት ስኳር ይበላል እንጂ ስታርቹን አያጠፋም።

አንድ ትልቅ እንጀራ ከ300 እስከ 400 ግራም ይመዝናል፤ ካርቦሃይድሬቱም 100 ግራም ገደማ ነው። ሩቡ ከ25 እስከ 30 ግራም ይደርሳል ማለት ነው፤ ልክን ለመያዝም ይህ ሩብ ከማንኛውም መለኪያ ይቀላል።

በፍስክ ወራት ወሎ ለዚህ አበላል የጎደለው ነገር የለም። የደጋው በግ፣ በባቲ ሰኞ ገበያ የሚወጣው የቆላ ፍየል፣ አይቡና ቅቤው፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው የሐይቅ ዓሣ፣ ጎመኑና ቆስጣው ከሩቅ አገር የታሸገ ነገር መፈለግን ያስቀራሉ። ሥጋና ዓሣ ካርቦሃይድሬት የላቸውም ማለት ይቻላል፤ እንቁላል ከ1 ግራም በታች ነው፤ አንድ ሲኒ የበሰለ ጎመን አሰሩ ሲቀነስ ከ5 ግራም አያልፍም። ወተት ግን በብርጭቆ 12 ግራም ያህል ስላለው እንደ ውሃ አይጠጣም።

ልክን ማግኘት

መጀመሪያ ለሦስት ቀን የተበላውን ሁሉ፣ የቡና ቁርሱን ጨምሮ መጻፍ። የብዙ ሰው ካርቦሃይድሬት የሚደበቀው ከምሳው ውጭ ነው። አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ (35 ግራም) 25 ግራም ገደማ አለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዱ በሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከተጠጣ ሌላ 25 ግራም ተጨመረ። ጫት ላይ የሚጠጣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ነው። በገጠሩ ቡናን በጨው የሚጠጡ እናቶች ልማድ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው።

ቀጥሎ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት በቀን ወደ 50 ግራም መውረድ፤ ሩብ እንጀራ በቀን አንዴ፣ የቀረው ወጥ፣ አይብና ጎመን። በመጀመሪያው ሳምንት ራስ ምታት፣ ማዞርና የባት ቁርጠት ሊመጣ ይችላል። ኢንሱሊን ሲወርድ ኩላሊት ጨው ስለሚያስወጣ ነው፤ አዮዲን ያለው ጨው ጣል የተደረገበት አንድ ኩባያ የአጥንት መረቅ በቀን ይበቃል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ግን ያለ ሐኪም ጨው አይጨምር።

ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ መጨመር፦ ወይ ሌላ ሩብ እንጀራ፣ ወይ አንድ ጭልፋ ምስር (100 ግራም፣ 20 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ከዚህ 8ቱ አሰር)። በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ሳይበሉ ክብደትንና በእምብርት ትይዩ የወገብን ዙሪያ መለካት፤ የስኳር መለኪያ ያለው ደግሞ ከምግብ በፊትና ከበላ ሁለት ሰዓት ሲሞላው። ለሁለት ሳምንት በተከታታይ ወገብ ከሰፋ ወይም ስኳር ከወጣ የመጨረሻውን ጭማሪ መልሶ ማውጣት። ያ ነው የዚያ ሰው ልክ። የሚያርስና የሚሸከም ሰው 130 ግራም ይዞ ሊረጋ ይችላል፤ ሱቅ ውስጥ የሚውል 70 ላይ ሊቆም ይችላል።

ሁለት ልክ፦ የፍስክና የጾም

ኦርቶዶክሳዊው ምዕመን በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማል፤ ካህናት እስከ 250። ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ የነቢያት ጾም 43 ቀን ገደማ፣ ከዚያም ረቡዕና ዓርብ። በጾም 50 ግራም ላይ ለመቆየት መሞከር ነው ብዙውን ሰው የሚጥለው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 70 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢያስፈልገውና ሁሉንም ከተቀቀለ ምስር ቢፈልግ ከ750 ግራም በላይ ሊበላ ነው፤ ይህ ብቻውን 150 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። ስለዚህ የጾም ልክ ከ100 እስከ 130 ግራም ተብሎ አስቀድሞ ይያዝ፤ ፍስክ ሲገባ ወደ ታችኛው ልክ ይመለስ። በጾም የሚቀነሰው ጥራጥሬው ሳይሆን እንጀራው ነው፤ ጎደሎው በኦቾሎኒ (50 ግራሙ 13 ግራም ፕሮቲን)፣ በሰሊጥ፣ በሱፍና በተልባ ይሞላል። ሽሮ ላላ ብሎ ዘይት ሲበዛበት ይሻላል። ስልጆ ከጎመን ጋር ብቻውን ምሳ ይሆናል። ዓሣ በየትኛው ጾም ይበላል የሚለው አከራካሪ ስለሆነ የንስሐ አባትን መጠየቅ ነው፤ በሁዳዴ ግን አይበላም።

በረመዳን ችግሩ በአንድ ማዕድ ላይ ይከማቻል፦ ተምር፣ ሳምቡሳ፣ ሾርባ፣ ቀሪቦ። ሦስት ትናንሽ ተምር 16 ግራም ገደማ ስለሆነ ሱናውን አድርሶ ወደ ሾርባውና ሥጋው መሄድ ይቻላል። ቀሪቦ ከገብስ ተጠምቆ ስኳር ስለሚገባበት ለበዓል ይቆይ። ሱሑር ላይ እንቁላልና እርጎ ከገንፎ የበለጠ ያቆያል።

ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ጣራ ሥር በሚኖሩበት ብዙ የወሎ ቤት የጋራው ማዕድ የጾም ምግብ ነው፤ ሥጋው የየራስ ነውና። በእነዚህ ቤቶች ምስሩ፣ ጎመኑና ተልባው ዓመቱን ሙሉ ከምድጃ ስለማይጠፉ አበላሉን ማዝለቅ ከሌላው ቤት ሊቀል ይችላል። ይህ መቻቻል ለጤናም እንዲህ መጥቀሙ የወሎ ጸጋ ነው።

የተልባ ቂጣ

30 ግራም (አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል) የደቀቀ ተልባ፣ አንድ እንቁላል፣ ቁንጥር ጨውና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይለወሳል፤ እስኪወፍር 10 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ በለዘብተኛ እሳት በመጥበሻ በሁለቱም ወገን ይጋገራል። አሰሩ ሲቀነስ ካርቦሃይድሬቱ 1 ግራም ገደማ ነው። የሚፈረፈረው ተልባው ጎርባጣ ሲሆን ወይም ሳይወፍር ሲጋገር ነው። የሚመርረው ዱቄቱ ሲከርም ነውና የሳምንት ብቻ ይፈጭ። ለጾም በእንቁላሉ ቦታ 30 ግራም የሽምብራ ዱቄትና ሞቅ ያለ ውሃ ይገባል፤ ያኔ ካርቦሃይድሬቱ ወደ 15 ግራም ይጠጋል። ውሃ ካልተጠጣበት ተልባ ሆድ ያደርቃል።

የሚያበላሹ ነገሮች

ወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ይረሳል፤ 1 ኪሎ ሽንኩርት 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ስላለው ለአራት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ20 በላይ ነው። የላስታ ነጭ ማር ተፈጥሯዊ ቢሆንም በሾርባ ማንኪያ 17 ግራም ነው። ሥጋ ሲበዛ ጥሬውም ይበዛል፤ ኮሶ ትል የሚገባው በዚህ ነውና ይብሰል፤ ወተትም፣ የግመሉም ጭምር፣ ይፈላ። ርካሽ ነው ተብሎ ጓያን በምስር ቦታ መተካት ፈጽሞ አይገባም፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፤ መዘፍዘፍና መቀቀል መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ (የስኳር ሕመም ክኒን) የሚወስድ ሰው እንጀራ ከመቀነሱ በፊት መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል፤ አለዚያ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና የኩላሊት ሕመምተኛ በራሳቸው አይጀምሩት። በአንዳንድ ሰው መጥፎው ኮሌስትሮል ስለሚጨምር ከ3 ወር በኋላ ደም ማስመርመር ያስፈልጋል።

በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ረሀብን ያሳለፈ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ያለበት ቤት ውስጥ እህል መተው ሕመም ወይም ሐዘን ተደርጎ ይታያል። ለዝያራ፣ ለለቅሶና ለሠርግ በሚኬድበት ቀን ጠዋትና ማታ እንጀራ ሳይነኩ ውሎ የቀኑን ሩብ ለዚያ ማዕድ ማስቀመጥ ይሻላል፤ «በሞቴ» ተብሎ የቀረበ ጉርሻም በዚያ ውስጥ ይቆጠራል።