ሚኒስትር ለመሆን የግድ የፓርላማ አባል መሆን አለበት እንዴ?

ይሄ ጥያቄ እዚህ ግሩፕ ላይ ደጋግሞ ስለመጣ በደንብ ላስረዳችሁ። አይ፣ ግዴታ አይደለም! ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መመረጥ ያለበት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው (የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73)፣ ሚኒስትሮቹን ግን አንቀጽ 74 ላይ ከሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ወይም ከሌላ ሰው መርጦ ያቀርባል ነው የሚለው፣ የተወካዮች ምክር ቤት ካፀደቀለት በቃ ሚኒስትር ሆነ ማለት ነው። በቃ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ምርጫ ተወዳድሮ የማያውቅ ሰው እንኳን ሊሾም ይችላል። ከገዢው ፓርቲ መሆንም የለበትም፣ በ2014 ካቢኔ ከተቃዋሚው ፓርቲ ከኢዜማ ብርሃኑ ነጋ ትምህርት ሚኒስትር የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። የሚቀያየረው የሚኒስትሮቹ ቁጥር ነው፣ እሱ በአዋጅ ስለሚወሰን በ2011 20 ነበሩ፣ በ2014 ደግሞ 22 ሆኑ። ሚኒስትር ዴኤታን (ከሚኒስትሩ ስር ያለውን ምክትል) ከዚህ ጋር አታምታቱት፣ እሱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ ነው የሚሾመው፣ ፓርላማ አይቀርብም።