ኢሉሚኔሽን ምንድን ነው? ወርቁስ ቀለም ነው?

የጥንት አውሮፓ የብራና መጽሐፍ ፎቶ በወጣ ቁጥር «በወርቅ ቀለም የተሳለ» የሚል አይጠፋም። ስሕተቱ ድርብ ነው፦ ሥዕል ያለበት ብራና ሁሉ ወርቅ አለው ማለት አይደለም፤ ካለውም ያ የሚያንጸባርቀው ወርቅ ብዙውን ጊዜ ቀለም አይደለም።

ኢሉሚኔሽን የብራና መጽሐፍን ማስጌጥ ነው፤ በጥብቁ ትርጉም ደግሞ በወርቅ ወይም በብር ማስጌጥ። ቃሉ ማብራት ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው። የሚያበራው ተቀጥቅጦ የሳሳ የወርቅ ቅጠል ነው፤ ከሥሩም ጀሶ አለ። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቼኒኖ ቼኒኒ በ1400 እ.ኤ.አ. አካባቢ እንደጻፈው ቀጥቃጮች ከአንድ ዱካት (የወርቅ ሳንቲም) 145 ቅጠል ያወጡ ነበር፤ እሱ ግን ለጠፍጣፋ ቦታ ከ100 አይብለጥ ይላል። (የሚናገረው ስለ ጣውላ ሥዕል ነው፤ ብራና ላይ ሲጠቅሱት ይህን ይዘነጋሉ።)

ነገሩ እንደ ጭቃ ቤት ምርጊት ነው። ብራናው ግድግዳ፣ ጀሶው ጭቃ፣ ወርቁ የላይኛው ቅብ። ጀሶው ውሃ ውስጥ ሰንብቶ የመጠንከር ጉልበቱን የጨረሰ መሆን አለበት። ነጭ የእርሳስ ዱቄት፣ ከቆዳ ወይም ከዓሣ የወጣ ሙጫ፣ ስኳር ወይም ማር ይገባበታል። ማሩ ጭዱ ነው፦ ካነሰ ገጹ ሲገለጥ ጀሶው ይሰነጠቃል። ግድግዳ ግን አይታጠፍም፤ ብራና እርጥበት በተለወጠ ቁጥር ይንቀሳቀሳል። ጭድ የማይሠራውንም ማር ይሠራል፤ እርጥበት ይስባል። ሠዓሊው በቀጭን ቱቦ ትንፋሹን እፍ ሲልበት ጀሶው ተለሳልሶ ወርቁን ይይዛል። ማር ከበዛ ማወልወያው፣ የውሻ ክራንቻም ይሁን ለስላሳ ድንጋይ፣ ወርቁን ከነጀሶው ይልጠዋል። ሙጫ ከበዛ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ካነሰ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። አረፋ ከቀረበት ፈንጣጣ የያዘው ይመስላል። ነጩ እርሳስ መርዝ ስለሆነ ልሞክር ባይ ደረቁን አይፍጭ።

ወርቁ ከቀለም ይቀድማል። ቀለሙ ውስጥ ያለው ሙጫ ቅጠሉን ባልተፈለገበት ቦታ ይይዛል፤ ውልወላውም ሥዕሉን ይፍቃል። ሳያልቁ በቀሩ ገጾች ላይ የወርቅ አክሊል ተጠናቅቆ ፊቱ ባዶ የሚገኘው ለዚህ ነው።

«የወርቅ ቀለምም እኮ አለ!» አዎ፣ አለ። ወርቅ ደቅቆ በግራር ሙጫ ይለወስና በባሕር ዛጎል ይቀመጣል፤ በብሩሽ የሚቀባውም በቀለሙ ላይ፣ መጨረሻ ነው። ከቅጠሉ ይልቅ ብዙ ወርቅ ይበላል፤ ብልጭታው ግን ፈዛዛ ነው። «የወርቅ ቀለም» የሚለውን ስም ለቅጠሉ መስጠት ነው ጥፋቱ።

የአየርላንዱ የኬልስ ወንጌልስ? ወርቅ የለውም፤ ቢጫው አርሰኒክ ያለበት ማዕድን ነው። በኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎችም ይኸው ማዕድን ተገኝቷል፤ የወርቅ ቅጠል ግን ብርቅ ነው። በጥብቁ ትርጉም ኬልስ ከኢሉሚኔሽን ይወጣል፤ ሆኖም ባለሙያው ሁሉ እዚያው ይመድበዋል፣ እኔም ጭምር።

መለየት ለፈለገ ገጹን ብርሃን ፊት ማዘንበል ነው፦ ቢጫው ያው ቢጫ ነው፤ ወርቁ አንዴ ያበራል፣ አንዴ ይጠቁራል። ፎቶ ላይ ይህ አይሠራም፤ በደንብ የተወለወለ ወርቅ ቡናማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።