ቅኝት ምንድን ነው? አራቱ ስሞችስ ከየት መጡ?

ስለ ሀገራችን ሙዚቃ ጨዋታ ሲነሳ አንድ አባባል አይጠፋም። «የኢትዮጵያ ሙዚቃ አራት ቅኝት አለው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ሁሉም ከቅዱስ ያሬድ የመጡ ናቸው።» ራዲዮ ላይ ይባላል፣ ዩቲዩብ ላይ ይጻፋል፣ ለውጭ ሰው ሲብራራም ይሄው ነው የሚነገረው። ሰው የሚናገረው በኩራት ነው፤ ሙዚቃውም ያኮራል። ግን አባባሉ ውስጥ የተለያዩ ታሪኮች ተቀላቅለዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ ከአዝማሪው፣ የጥንቱ ከትናንቱ ጋር ተጣብቋል። ለያይቶ ማየት ለሁሉም ክብር መስጠት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመሣሪያው እንጀምር። ቅኝት ከሁሉ በፊት የእጅ ሥራ ነው። ክራር ደርዳሪ ከመጫወቱ በፊት ቁጭ ብሎ ክሮቹን አንድ በአንድ ያጠብቃል፣ ያላላል። በጣቱ ነካ አድርጎ ያዳምጣል፣ እንደገና ያስተካክላል። ይሄ ነው መቃኘት። ክራር ብዙውን ጊዜ ስድስት ክር አለው። ዜማው የሚፈልጋቸው ድምፆች ግን አምስት ናቸው፤ ስድስተኛው ክር አብዛኛውን ጊዜ ከአምስቱ አንዱን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይደግማል። እንደ ጊታር ጣት እየጫኑ አዲስ ድምፅ የማውጣት ልማድ የለም። ስለዚህ ክሮቹ እንዴት እንደተቃኙ የሚዘፈነውን ይወስናል። ደርዳሪው ከአንድ ዓይነት ዜማ ወደ ሌላ መሄድ ሲፈልግ ቆም ብሎ ክሮቹን መንካት አለበት። ማሲንቆ ላይ ነገሩ ይለያል። ክሩ አንድ ስለሆነ ቅኝቱ ያለው በአዝማሪው ጣቶች አቀማመጥ ላይ ነው። ዋሽንት ነፊ ደግሞ ርዝመታቸው የተለያየ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል።

በድምፅ ደረጃ ምን ይመስላል? ትምህርት ቤት የተማርነውን ዶ ሬ ሚ እናስታውስ። ሜጀር የሚባለው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ እና ሲ የሉም። ፒያኖ ወይም ኪቦርድ አጠገባችሁ ካለ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ነካኩ፤ ወዲያው የምታውቁት ዜማ ይመጣላችኋል። ከዚህ ላይ ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብታደርጉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። አምባሰል ዶ፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ እሱም ማይነር አለው። አንቺ ሆዬ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ ይሆናል። ለጆሮ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው፤ የውጭ ሙዚቀኞችን የሚያስደንቀውም እሱ ነው።

ግን አምስት ድምፅ መቁጠር ብቻውን ቅኝትን አይነግረንም። ትዝታ ማይነርን እንውሰድ። ክሮቹን ምንም ሳትነኩ ማረፊያችሁን ከዶ ወደ ሶል ብታዞሩ የአምባሰል ድምፆች ይወጣሉ። አምስቱ ድምፆች ያው ናቸው፤ የተለወጠው ዜማው ተመልሶ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ትዝታ ሜጀርንም ላ ላይ ብታሳርፉት ባቲ ማይነር ይሆናል። ስለዚህ ቅኝት ማለት የድምፆቹ ስብስብ፣ ዜማው የት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ፣ ድምፃዊው የትኛውን ድምፅ እንደሚያርገበግብና እንደሚጎትት፣ ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ነው። በክራርና በማሲንቆ የሚቃኘው ድምፅም ከፒያኖ ቁልፍ ጋር ልክክ ማለት የለበትም። አንዱ ደርዳሪ ሚን ትንሽ ከፍ ያደርጋታል፣ ሌላው ትንሽ ዝቅ ያደርጋታል። ከላይ የጻፍኩት የዶ ሬ ሚ ዝርዝር ግምታዊ ካርታ ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ። አራቱን ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቷቸው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለሙዚቃ ሥርዓት ያወጣቸው ስሞች አይመስሉም። ባቲ ከተማ ናት። ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባው እዚያ ገበያ ላይ ይገናኛል። አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን ያለ ተራራማ አገር ነው፤ ግሸን ማርያም ያለችው እዚያ ነው። ትዝታ ስሜት ነው። አንቺ ሆዬ ደግሞ ሴትን የሚጠራ የዘፈን አዝማች ነው። ሁለት ቦታ፣ አንድ ስሜት፣ አንድ አዝማች።

ይህ ድብልቅ የሚነግረን ነገር አለ። እነዚህ ከመነሻቸው የዘፈን ስሞች ናቸው። ባቲን እያነሳ የሚያወድስ ዜማ ነበረ፤ ስሙም ባቲ ተባለ። አምባሰልን የሚጠራ ዜማ ነበረ፤ አምባሰል ተባለ። ደርዳሪ ለደርዳሪ ሲነጋገር «ክራሩን ለባቲ ቃኘው» ይላል፤ የባቲን ዘፈን ለመጫወት አዘጋጀው ማለቱ ነው። ቀስ በቀስ በዚያው አቃኛኝ የሚዘፈን ሌላ ዘፈን ሁሉ «በባቲ» ተባለ። ዘፈኑ ስሙን ለቅኝቱ አበደረ። ዛሬ ማሪቱ ለገሰ የምታዜመውን የወሎ አምባሰል የሚሰማ ሰው ዘፈኑንም፣ አገሩንም፣ ቅኝቱንም በአንድ ስም ይጠራል። ስሙ ሦስቱንም ስለሚሸከም ግራ መጋባቱ አይገርምም።

በትዝታ ላይ ግራ መጋባቱ ይብሳል። ትዝታ ስሜት ነው፤ ትዝታ የታወቀ የዘፈን ዓይነት ነው፤ ትዝታ ቅኝት ነው። ከዚህ የተነሳ ብዙ ሰው «ትዝታ ቅኝት የሐዘን ቅኝት ነው» ይላል። እስኪ ለእስክስታ የሚያስነሱትን ዘፈኖች አዳምጡ። ስንቶቹ በትዝታ ሜጀር የተዜሙ መሆናቸውን ስታዩ ትገረማላችሁ። ሐዘኑ ያለው በግጥሙ፣ በዝግታው፣ በድምፃዊው ጉሮሮ ውስጥ ነው። አምስቱ ድምፆች ለለቅሶም ለሰርግም ይሆናሉ።

ቅዱስ ያሬድስ? እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የያሬድ ሥራ ትልቅ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአክሱሙ ንጉሥ በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን ያስቀምጠዋል። ድጓው፣ ጾመ ድጓው፣ ምዕራፉ፣ ዝማሬውና መዋሥዕቱ ከእሱ ስም ጋር የተያያዙ ናቸው። የዜማው ዓይነቶችም ሦስት ናቸው፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። ልብ በሉ፤ ሦስት ናቸው እንጂ አራት አይደሉም፤ ስማቸውም ፈጽሞ ሌላ ነው። አሠራራቸውም ይለያል። የዜማ ተማሪ በፊደሉ አናት ላይ የተጻፈውን ምልክት አይቶ በቃሉ ያጠናውን የዜማ ሐረግ ያወጣል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ፣ ሂደት የሚባሉት ይታወቃሉ፤ ከነሱ ሌላ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፊደል ምልክቶች አሉ። ያን ለመማር ጋይንት ውስጥ ወዳለው የድጓ ትምህርት ቤት፣ ቤተልሔም፣ ሄዶ ዓመታት መቀመጥ ነው። ክር ማጥበቅና ማላላት እዚያ የለም።

እዚህም ሌላ የተቀላቀለ ነገር አለ። ብዙ ሰው የዜማ ምልክቶቹን ራሱ ያሬድ የጻፋቸው ይመስለዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ ግን ምልክቶቹን የሚሰጠው ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ነው፤ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ። የግራኝ ጦርነት ብዙ ሊቃውንትና መጻሕፍት ካጠፋ በኋላ ማለት ነው። ዜማው በቃል ብቻ ከቀጠለ ይጠፋል ተብሎ ቢሰጋ የሚያስደንቅ አይደለም። የሁለቱን ሰዎች ድካም ጠቅልሎ ለያሬድ መስጠት እነሱን መርሳት ነው።

ዜማና ቅኝት ዝምድና የላቸውም ማለቴ አይደለም። በአንድ አገር፣ በአንድ ጆሮ ውስጥ የኖሩ ናቸው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ የሰማ ገበሬ ማታ አዝማሪ ይሰማል፤ ድምፆቹ ይነካካሉ። ነገር ግን መነካካት ሌላ፣ «አራቱን ቅኝት ያሬድ ደረሳቸው» ማለት ሌላ ነው።

ታዲያ «አራት» የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? እኔ የማየው መልስ ከትምህርት ክፍል ውስጥ ነው የሚል ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩስያ ንጉሥ ለአፄ ምኒልክ የናስ መሣሪያዎች መጡ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ከእልቂት የተረፉ አርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አገኙ። አርባ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ሲመጡም «አርባ ልጆች» ተባሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። በኖታ የሚያነብ፣ በቡድን የሚጫወት ሙዚቀኛ ከዚያ ወዲህ በዛ። ትራምፔትና ሳክስፎን ደግሞ እንደ ክራር ክር እየላላ አይቃኝም። ማሲንቆ ሰምቶ ለኦርኬስትራ የሚያቀናብር ሰው «ይሄ ዘፈን የትኞቹን ድምፆች ይጠቀማል?» ብሎ መጠየቅና በወረቀት ማስፈር ነበረበት።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲቋቋም፣ በመጀመሪያው ዳይሬክተር በአሸናፊ ከበደ ዘመን፣ የሀገር ባህል ሙዚቃ ከአውሮፓው ሙዚቃ ጎን ለጎን በክፍል የሚሰጥ ትምህርት ሆነ። ለማስተማር ደግሞ መደርደር ያስፈልጋል። የታወቁት አራቱ የዘፈን ስሞች ለዚህ ተመቹ። «ሜጀር» እና «ማይነር» የሚሉት ቅጥያዎችም የትምህርቱን መንገድ ያሳያሉ። የሙዚቃ ትምህርት ያላየ የድሮ አዝማሪ «ትዝታ ማይነር» አይልም። ክፍፍሉ ጥሩ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄን ጨምሮ ብዙ አቀናባሪዎች በእነዚህ ቅኝቶች ላይ ድንቅ ሥራ ሠርተዋል። ግን ዕድሜው አጭር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በቅዱስ ያሬድ ስም ነው። ስያሜው የሚገባው ክብር ነው። ይሁንና አራቱ ቅኝቶች ያሬድ በሚባል ቤት ሲሰጡ የኖሩ መሆናቸው፣ ቅኝቱ ከቅዱሱ ራሱ የመጣ እንዲመስል ሳያግዝ አልቀረም።

ከጃፓን ጋር ያለውን ነገርም ሳላነሳ አላልፍም። የጃፓንን የድሮ ዘፈን የሰማ ሐበሻ «ይሄማ አምባሰል ነው!» ይላል። ጆሮው አልዋሸም። አምባሰል ያሉት አምስት ድምፆችና በጃፓን ባህላዊ ሙዚቃ ውስጥ ከታወቁት ስልቶች የአንዱ ድምፆች አንድ ናቸው። ከዚህ ተነስቶ አንዱ ከሌላው ወሰደ የሚል ታሪክ ይፈበረካል። ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ያመጡት ነው የሚልም አይጠፋም። ቃኘው የዘመተው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ የወሎ ገጠር አምባሰልን ለማወቅ ወታደር ከሩቅ ምሥራቅ እስኪመለስ አልጠበቀም። አምስት ድምፅ መርጦ ማዜም በስኮትላንድም፣ በቻይናም፣ በምዕራብ አፍሪካም አለ። ከአሥራ ሁለት ድምፅ ውስጥ አምስት የሚመርጡ ሕዝቦች አንዳንዴ ያንኑ አምስት መምረጣቸው አይቀርም። የእኛ የሚያደርገው አዘፋፈኑ ነው፤ የድምፁ መርገብገብ፣ የችክችካው ምት፣ በግጥሙ ውስጥ ያለው ሰምና ወርቅ።

«የኢትዮጵያ ሙዚቃ አራት ቅኝት አለው» ከሚለው ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን «የኢትዮጵያ» የሚለው ነው። አራቱ ስሞች የአማርኛ ዘፈን ስሞች ናቸው፤ በተለይም የወሎ ሽታ አላቸው። የትግርኛው፣ የኦሮምኛው፣ የጉራጊኛው ዘፈን በአንዳንዱ ይገናኛቸዋል፣ በአንዳንዱ አይገናኛቸውም። ወደ ደቡብ ስንወርድ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው። ዶርዜዎች በአንድ ጊዜ የተለያየ ዜማ እየያዙ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረቡ በኅብረት ያዜማሉ። ዲራሼዎች ደግሞ ፊላ አላቸው፤ ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸው የሸምበቆ መንፊያዎች ናቸው። አንዱ ነፊ በእጁ ያለው ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው። የራሱ ተራ ሲደርስ ይነፋል፣ ቀጥሎ ሌላው ይቀበላል፤ ዜማው የሚወጣው ከሁሉም ነው፣ አንዱ ቢጎድል ዜማው ይጎድላል። ይህን ለማስተማር የፈለገ ሰው ከትዝታና ከባቲ ተነስቶ የትም አይደርስም፤ ዲራሼ ሄዶ የፊላ ነፊዎቹ ራሳቸው መንፊያዎቻቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩና በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀባበሉ ከመጠየቅ መጀመር አለበት።