ስለ ክሮኖግራፍ ሰዓት የሚነገረውና እውነታው

ጎንደር ፒያሳ ላይ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የምንሰበሰብበት የቡና ጠረጴዛ አለ። ሦስታችን የሰዓት ፍቅር የለከፈን ነን፤ አራተኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ሰሞኑን አንዱ ጓደኛችን ውጭ አገር ባለው ወንድሙ በኩል ከሦስት ክሮኖግራፎች አንዱን ሊያስገዛ ተነሣ፦ ኦሜጋ ስፒድማስተር፣ ዜኒት ኤል ፕሪሜሮ ወይስ ሮሌክስ ዴይቶና? ምክሩ እንደ ቡናው ሦስት ዙር ተቀዳለት፤ ግማሹ ግን ስሕተት ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

“ክሮኖግራፍ ማለት ክሮኖሜትር ነው።” አይደለም። ክሮኖግራፍ በቁልፍ የሚነሣ፣ የሚቆምና ወደ ዜሮ የሚመለስ የሰከንድ መቁጠሪያ ያለው ሰዓት ነው። ክሮኖሜትር ደግሞ የትክክለኛነት ፈተና ላለፈ ሰዓት የሚሰጥ ማዕረግ ነው። በስዊዘርላንድ የሰዓቱ ውስጥ ማሽን ለ15 ቀናት፣ በአምስት አቀማመጥና በሦስት የሙቀት መጠን ይፈተናል፤ በቀን በአማካይ ከ4 ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ መቅረት ወይም ከ6 ሰከንድ በላይ መቅደም አይፈቀድለትም። ውድ ሰዓት ፈጽሞ አይዛነፍም ለሚሉም መልሱ እዚሁ አለ፤ ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ ደኅና የባትሪ ሰዓት በወር የሚዛነፈውን ያህል ይህ ባለማዕረግ በሦስት ቀን ሊዛነፍ ይችላል።

ስለ ጨረቃ ሲወራ ሁሉም አዋቂ ነው። “ናሳ ስፒድማስተርን የመረጠው በእጅ የሚሞላ ስለሆነ ነው፤ አውቶማቲክ ግን በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን ስለሚሞላ፣ ክብደት በሌለበት አይሠራም” ተባለ። ሲሰሙት ሳይንስ ይመስላል። ናሳ በ1965 ስፒድማስተርን ሲያጸድቅ ግን አውቶማቲክ ክሮኖግራፍ ገበያ ላይ ጭራሽ አልነበረም! የመጀመሪያዎቹ የወጡት በ1969 ነው፤ ዜኒት ኤል ፕሪሜሮን፣ እነ ሆየርና ብራይትሊንግ በጋራ ካሊበር 11ን፣ የጃፓኑ ሴይኮ 6139ን አወጡ፤ ማን ቀደመ የሚለው ጠብ እስከ ዛሬ አልበረደም። ክብደት ባይኖርም ክንድ ሲወናጨፍ በውስጡ ያለው መሙያ ይዞራል፤ ጠፈርተኛው ዊልያም ፖግ በ1973 ወደ አሜሪካ የጠፈር ጣቢያ ስካይላብ ሴይኮ 6139 አስሮ ሄዶ ሠርቶለታል። ደግሞም ጨረቃን የረገጠው የመጀመሪያ ሰዓት የአርምስትሮንግ አልነበረም፤ እርሱ የራሱን መንኮራኩሩ ውስጥ ትቶት ነበር የወረደው፤ አስሮ የወረደው ባዝ ኦልድሪን ነው።

ከሁሉ ያናደደኝ “ትልቅ የሰዓት ፋብሪካ ማሽኑን ራሱ ይሠራል፤ ዜኒት ተራ ነው፣ ዴይቶና ግን ንጉሥ ነው” የሚለው ነው። ይህን ያለው ጓደኛችን በ1990ዎቹ የተሠራ ዴይቶና ቢያገኝ እግሩን የሚስም ሰው ነው። የዚያ ዴይቶና ልብ የማን እንደሆነ ቢያውቅ! ከ1988 እስከ 2000 ሮሌክስ ዴይቶና ውስጥ የገጠመው የዜኒትን ኤል ፕሪሜሮ ማሽን ነው፤ በሰዓት 36,000 ጊዜ ይመታ የነበረውን ወደ 28,800 አውርዶ፣ አሻሽሎ። ከዚያ በፊት ደግሞ ቫልዡ ከተባለ የስዊስ ማሽን ሠሪ የመጣ ማሽን ነበር። የራሱን ማሽን፣ 4130ን፣ ያወጣው በ2000 ነው። በጥቅምት 2017 ኒውዮርክ ላይ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጠው የተዋናዩ የፖል ኒውማን ዴይቶናም ቫልዡ ነው በውስጡ የሚመታው። ገንዘቡ የተከፈለው ለባለቤቱ ስምና ሚስቱ ተጠንቅቆ እንዲነዳ በጀርባው ላይ ላስቀረጸችው ቃል ነው። ፓቴክ ፊሊፕም ቢሆን በ1941 የጀመረውን 1518 የተባለ ዝነኛ ክሮኖግራፍ የሠራው ከቫልዡ በመጣ ጥሬ ማሽን ላይ፣ በራሱ እጅ አጣርቶና አስውቦ ነው።

ያ ‘ተራ’ የተባለው ኤል ፕሪሜሮ ደግሞ ሊጠፋ ትንሽ ነበር የቀረው። በ1970ዎቹ የባትሪ ሰዓት ዓለምን ሲያጥለቀልቅ የፋብሪካው ባለቤቶች ማምረቻ መሣሪያዎቹ እንዲወገዱ አዘዙ። ሻርል ቬርሞ የተባለ ሠራተኛ መሣሪያዎቹን ምልክት እያደረገ ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ሸሸጋቸው፤ ከዓመታት በኋላ ማሽኑ እንደገና የተሠራው በእነርሱ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሲኒያቸውን አስቀመጡና “ደርቡሽ ሲመጣ ታቦት እንደ ማሸሽ ነው” አሉ።

“ኮለም ዊል ያለው ሁልጊዜ ይበልጣል።” ኮለም ዊል የክሮኖግራፉን መነሣትና መቆም የሚያዝ ማርሽ ነው፤ በማጉያ መነጽር ሲያዩት የፋሲል ግንብን ማማ አሳንሰው ያቆሙት ይመስላል፣ ዙሪያውን ጥርስ ጥርስ የሆኑ አምዶች ቆመውበት። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር አንድ እርምጃ ይዞራል፤ መያዣዎቹ ወይ አምዱ ላይ ይወጣሉ ወይ በመካከሉ ይወድቃሉ። ካም የሚባለው አማራጭ ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ለመሥራትም ለመጠገንም ይቀላል። በኮለም ዊል የቁልፉ ስሜት ብዙ ጊዜ ይለሰልሳል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ኦሜጋ በ1968 ስፒድማስተርን ከኮለም ዊል ወደ ካም ሲያዛውረው ዝናው አልቀነሰም፤ የቻይናው ሲጋል ደግሞ ከድሮው የስዊስ ማሽን ከቬነስ 175 በወረሰው ንድፍ ኮለም ዊል ያለው ክሮኖግራፍ በርካሽ ያመርታል።

ማወዳደር ለሚፈልግ እኔ ፍሪሲዮኑን፣ ማለትም ቆጣሪውን ከሰዓቱ ማሽን ጋር የሚያገናኘውን ክፍል፣ ተመልከት እላለሁ። ስፒድማስተርና ኤል ፕሪሜሮ ላይ አንዱ ማርሽ ከጎን መጥቶ ሌላውን ይነክሳል፤ ጥርስ ከጥርስ በትክክል ካልገጠመ የሰከንድ ቆጣሪው ሲነሣ ትንሽ ይዘላል። አሁን ያለው ዴይቶና ላይ ግን እንደ መኪና ፍሪሲዮን ሁለት ሳህኖች ከላይና ከታች ይጣበቃሉ፤ ቆጣሪው ሳይዘል ይነሣል። “ክሮኖግራፉን ቀን ከሌት እያስኬድኩ ብተወው ምን ይሆናል?” ለሚለውም ጥያቄ መልሱ በዚሁ ይለያያል፦ ከጎን የሚነክሰው ኃይል ይበላል፣ ጥርሱም ያልቃል፤ ሳህኑ ብዙም አይጎዳም። ለዓይን ግን ከጎን የሚነክሰው ያምራል፤ እኔ እርሱን ነው የምወደው፣ ይዝለል።

“50 ሜትር ተጽፎበታል፣ ውኃ አይፈራም።” የአክስቴ ልጅ በጥምቀት ዕለት ውኃው እንደ ተባረከ ከነሰዓቱ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ውስጥ ዘለለ፤ ከውኃው ሥር ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ሊለካም ቁልፉን ተጫነ። ማታ መስታወቱ ከውስጥ ላብ አልቦት ነበር። ቁጥሩ በፋብሪካ ውስጥ በጸጥታ የተለካ ግፊት ነው፤ ቁልፍ ሲጫኑ የውኃ መግቢያ ይከፈታል፣ የጎማው ማተሚያም በዕድሜ ይደርቃል።

በመጨረሻ “ጃንሆይም በሚሊዮን የተሸጠ ክሮኖግራፍ ነበራቸው” ተባለ። በ2017 ጄኔቫ ላይ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ የተሸጠው የንጉሠ ነገሥቱ ፓቴክ 2497 ክሮኖግራፍ የለውም፤ የቀን መቁጠሪያ ሰዓት ነው፤ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 28 ይሁን 29 ራሱ ያውቃል። ጳጉሜን ግን አያውቅም።

ይህን ስል ጋሼ ወደ ጓደኛችን ዞሩ። “ለመሆኑ ከሦስቱ ቀን የሚያሳየው የትኛው ነው?” ኤል ፕሪሜሮ ብቻ ነው። “እንግዲያው በእኛ ቀን ልታስኬደው ከሆነ ወር በገባ ቁጥር 31ን ታሳልፈዋለህ። መስከረም 1 ቀን ደግሞ 6 ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ እስከ 1 ድረስ 26 ቀን ታዞራለህ።” ጓደኛችን በጣቱ ቆጠረና ዝም አለ። ማክሰኞ ለወንድሙ ደውሎ ስፒድማስተር ይሁን አለው።