«እሱ አያውቅም፣ እንዳትነግሪው»

ይህን ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ነርስ ነኝ፤ የማስታምመውም ይድናሉ ተብለው የማይጠበቁ ሕሙማንን ነው። ቤተሰብ ክንዴን ይዞ ኮሪደር ያወጣኝና በሹክሹክታ «አያውቅም፣ ካወቀ ተስፋ ይቆርጣል» ይለኛል። እሺ ብዬ እገባለሁ። ታማሚው በሩ እስኪዘጋ ይጠብቅና «ሲስተር፣ ብዙ አልቀረኝም አይደል? ለልጆቹ ግን እንዳትነግሪያቸው፣ አይችሉትም» ይለኛል።

ሊሞት ስለተቃረበ ሰው የምሰማቸውን ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ቶሎ ልበልና ወደዚህኛው እመለሳለሁ።

«ሞርፊን ይገድላል።» ሐኪም በልኩ ሲያዝዘው ሕመምንና የትንፋሽ ማጠርን ያስታግሳል። የሚገድለው በሽታው ነው።

«ምግብ ስላቆመ ነው የደከመው።» ተገላቢጦሽ ነው፤ ሰውነቱ እየደከመ ስለሆነ ነው ምግብ ያቆመው። በግድ አታጉርሱት፣ ትን ይለዋል። ከንፈሩን አርጥቡለት፣ ይበቃል።

«ከእንግዲህ አይሰማም።» እ.ኤ.አ. በ2020 በካናዳ የወጣ ጥናት፣ መልስ መስጠት ያቆሙ አንዳንድ ሕሙማን አንጎላቸው ለድምፅ ምላሽ ሲሰጥ አሳይቷል። ስለዚህ የውርስ ክርክራችሁን እባካችሁ ውጭ።

«መጀመሪያ ይክዳል፣ ቀጥሎ ይናደዳል፣ ይደራደራል፣ ያዝናል፣ በመጨረሻ ይቀበላል።» ኤሊዛቤት ኩብለር-ሮስ የምትባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ከሕሙማን ጋር ካደረገችው ውይይት ተነስታ የጻፈችው ነው። ሰው ግን እንደ ደረጃ አንድ በአንድ አይወጣውም። ጠዋት ኑዛዜ አጽፎ ከሰዓት አዲስ ጫማ ግዙልኝ ያለ ሰው አይቻለሁ። እስከ መጨረሻው ተቆጥቶ የሞተም አለ፤ ፈተና አልወደቀም።

አሁን ወደ ሹክሹክታው። ያውቃል እንጂ! ገላው የራሱ ነው። ሱሪው ሲሰፋው፣ ሽንት ቤት ለመድረስ ግድግዳ ሲይዝ፣ እናንተም ዓይኑን ላለማየት ትራሱን አሥር ጊዜ ስታስተካክሉ ያያል። ግሌዘርና ስትራውስ የተባሉ አሜሪካውያን ሶሲዮሎጂስቶች ሆስፒታል ውስጥ ያዩትን እ.ኤ.አ. በ1965 ሲጽፉ ይህንኑ ጠቅሰዋል፦ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም እንደማያውቅ ይሆናል። የሚደክመው ደግሞ በሽተኛው ነው፣ እናንተን እንዳይከፋችሁ ሲል ሲስቅ ይውላል።

ንገሩት ስል እንደ መርዶ አፍርጡት ማለቴ አይደለም። «ስለ ሕመምህ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» በሉት። ምንም ካለ ምንም ነው፣ መብቱ ነው። አንድ አዛውንት «እሱን ለሚስቴ ንገሯት፣ ለእኔ የኳስ ውጤት» ብለውኛል። እስከ መጨረሻው ቀን ውጤት ነገርኳቸው።

አንዲት እናት ደግሞ ትራሷ ሥር ደብተር ነበራት። የቤቱ ሰነድ የት እንዳለ፣ ማን ብር እንደተበደራት፣ ትንሿ ልጅ የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማት ጽፋበታለች። ባሏ በየቀኑ እየመጣ ስትድኚ እንዲህ እናደርጋለን ይላታል፣ እሷም እሺ ትላለች። «ስሞት ስጪልኝ» አለችኝ። እምቢ አልኳት፣ ራስሽ ስጪው። አራት ቀን ፈጀባት። በአምስተኛው መድኃኒት ይዤ ስገባ ደብተሩ ባሏ ጉልበት ላይ ተከፍቷል። ዓይኑ ቀልቷል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስልክ ቁጥር ለማንበብ ይታገላል።

«ይሄ ሰባት ነው አንድ?»

«ሰባት ነው፤ መነጽርህን አውርደው አንተ ሰውዬ።»