«ዘንዶው ከሞተ ጌሙ አለቀ» እና ሌሎች ስለ ሰርቫይቫል ጌም የሚባሉ ነገሮች

ቱሉ ዲምቱም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ስለ ጌም ክርክር ከተነሳ «ፊፋ አይሰለችም፣ ማይንክራፍትና መሰሎቹ ግን ቤት ሠርተህ ስትጨርስ ያበቃላቸዋል» የሚል አይጠፋም። ሰርቫይቫል ጌም የሚባለው ቁሳቁስ እየሰበሰባችሁ፣ ቤት እየሠራችሁ በሕይወት ለመቆየት የምትታገሉበት ጌም ነው፤ ማይንክራፍት፣ ቴራሪያና ዶንት ስታርቭ ከነዚህ ናቸው። የሚቀርቡት ምክንያቶች ግን ብዙዎቹ ውኃ አያነሱም።

«ዘንዶው ከሞተ አለቀ»

ማይንክራፍት ላይ «ኤንድ» በሚባለው ዓለም ደሴት ላይ ያለውን ትልቁን ጠላት፣ ዘንዶውን ገድላችሁ በመመለሻው በር ስትገቡ የሚወርደው ረጅም ጽሑፍ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ዘንዶው ሲሞት ግን ደሴቷ ዳር ትንሽ በር ይከፈታል። ኤንደር ፐርል (የሚወረወር ዕንቁ) ወርውራችሁበት ስታልፉ ሩቅ ደሴቶችና ከተሞች ይጠብቋችኋል፤ ከአንዳንዶቹ አጠገብ በቆመው መርከብ ውስጥ ደግሞ ኤሊትራ የሚባለው ክንፍ አለ። ዘንዶውንም ኤንድ ክሪስታል በሚባሉ 4 ዕቃዎች መልሶ መጥራት ይቻላል። ለልምድ ነጥብ ብላችሁ ግን አትልፉ፦ መጀመሪያ 12,000 የሰጠው ዘንዶ ቀጥሎ 500 ብቻ ነው የሚሰጠው።

«ካርታው በሰፋ ቁጥር ጌሙ ይረዝማል»

የቴራሪያ ትንሹ ዓለም 4,200 በ1,200 ብሎክ ነው፤ ለሳምንታት ይበቃል። እንደገና ለመጀመር የሚገፋፋው ሌላ ነው፦ በተለመደው ዓለም ውስጥ ከሁለቱ የተበከሉ አካባቢዎች ወይ ኮራፕሽን ወይ ክሪምሰን እንጂ ሁለቱም አይገኙም፤ አለቆቻቸውም (ትልልቅ ጠላቶቻቸውም) ዕቃዎቻቸውም ይለያያሉ። ገጸ ባህሪው ከዓለሙ ተለይቶ ስለሚቀመጥ ንብረቱን ይዞ አዲስ ዓለም መግባት ይችላል። ይህን ባታደርጉት ይሻላል፤ ሙሉ ትጥቅ ይዞ የገባ ሰው በማግስቱ ይሰለቸዋል።

«ሞታችሁ ዓለሙ ከጠፋ ምን ዋጋ አለው?»

ዶንት ስታርቭን ረጅም ዕድሜ የሰጠው ይኸው ሞት ነው። የጌሙ አንድ ቀን 8 ደቂቃ ነው፤ በረዷማው ወቅት በ21ኛው ቀን ይገባል፣ ማለትም ከ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ጨዋታ በኋላ። (የኛ ክረምት ቢያንስ ዝናብ ይዞ ይመጣል፤ ይሄኛው ሰብሉንም የቤሪውን ቁጥቋጦም ያቆማል።) ጀማሪ ሁሉ ምግብ ሲያከማች ከርሞ ብርዱ ይገድለዋል። መፍትሔው እስከ 15ኛው ቀን ተርማል ስቶን (ሙቀት የሚይዝ ድንጋይ) መሥራት ነው፦ 10 ድንጋይ፣ 3 ባልጩት፣ 1 ፒክአክስ (ዶማ)። እሳቱ አጠገብ መሬት ላይ አስቀምጡት፤ ሲቀላ ይዛችሁት ውጡ፣ ቀለሙ ሲጠፋ ተመለሱ። ዊልሰን የሚባለውን ገጸ ባህሪ የያዘ ሰው ጢሙን ባይላጭ ይመረጣል፣ ከብርድ ይከላከልለታል። ሌላ ገጸ ባህሪ ስትመርጡ ስሌቱ ይለወጣል፤ ዊከርቦተም ለምሳሌ ጭራሽ መተኛት አትችልም።

«ኢንተርኔት ከሌለ ለብቻ ነው»

አይደለም። ቴራሪያን በሁለት ላፕቶፕ ለመጫወት የስልክ ሆትስፖት ይበቃል፤ ጌሙ ዳታ አይፈልግም። ሁለቱንም ላፕቶፕ ከሆትስፖቱ አገናኙ፤ አንደኛው «ሆስት ኤንድ ፕሌይ» ይበል፣ ሌላው በአይፒ መግቢያው በኩል የአስተናጋጁን አይፒ ቁጥር (የላፕቶፑን የኔትወርክ አድራሻ) አስገብቶ ፖርቱን 7777 ላይ ይተወው። አልገባ ካለ ሁለት ነገር እዩ። የጌሙ ቨርዥን ሁለቱም ጋ አንድ ካልሆነ አይገናኙም። ዊንዶውስ ደግሞ አዲስ ኔትወርክን «ፐብሊክ» ብሎ ስለሚመዘግብ ፋየርዎሉ (የኮምፒውተሩ መከላከያ) በሩን ይዘጋዋል፤ «ፕራይቬት» አድርጉትና ለቴራሪያ ፍቀዱለት።

«መብራት ከጠፋ ሁሉም ጠፋ»

የሚጠፋው ከመጨረሻው ሴቭ በኋላ ያለው ነው። አልፎ አልፎ ግን መብራቱ ፋይሉ እየተጻፈ እያለ ይሄድና ዓለሙ አልከፈት ይላል፤ ለዚህ ነው ፍላሽ ላይ ቅጂ የሚያስፈልገው። ቴራሪያ ላይ የዓለሞቹንም የገጸ ባህሪዎቹንም ፎልደር ቅዱ፤ አንዱን ብቻ የወሰደ ወይ ቤቱን ወይ ንብረቱን ያጣል። ማይንክራፍት ጃቫ ኤዲሽን ላይ «ሴቭስ» የሚለው ፎልደር ይበቃል። ጌሙ ክፍት ሆኖ አትቅዱ፣ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ፋይል ይመጣል። ወደ አዲስ ቨርዥን ከማሳደጋችሁ በፊትም ቅዱ፤ አንዴ ያደገ ዓለም ወደ አሮጌው በደህና አይመለስም።