ሪብል፦ የሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ቀይ አውቶቡሶች

ሪብል ሞተር ሰርቪስስ በላንካሸር ክፍለ ሀገር በፕሬስተን ከተማ የተቋቋመ የአውቶቡስ ኩባንያ ነበር። ስሙን የወሰደው ከተማዋን አልፎ ወደ አይሪሽ ባሕር ከሚፈሰው የሪብል ወንዝ ነው። በደህናው ዘመን ከሊቨርፑልና ከማንቸስተር ተነስቶ፣ ፕሬስተንን፣ ላንካስተርንና የሐይቆቹን አገር (ሌክ ዲስትሪክትን) አቋርጦ፣ በስኮትላንድ ድንበር አጠገብ እስካለችው ካርላይል ድረስ ይሠራ ነበር። ከ1,000 በላይ አውቶቡሶች ነበሩት። ዋና መሥሪያ ቤቱና ትልቁ ጋራዥ ፕሬስተን ውስጥ ፍሬንችዉድ በሚባለው ሰፈር ነበሩ። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኩባንያው መነሻ በፕሬስተንና በብላክበርን መካከል ባለችው ግሬግሰን ሌን መንደር ጄምስ ሆድሰን ያካሂደው የነበረው የአውቶቡስ ሥራ ነው። በ1919 ሥራው ኩባንያ ሆኖ ተመዘገበ፤ በማግስቱ ዓመት ብሪቲሽ አውቶሞቢል ትራክሽን የተባለው ትልቅ ድርጅት አክሲዮን ገዛ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አልቸገረውም። የ1920ዎቹ ዓመታት ያለፉት ትንንሽ ባለንብረቶችን አንድ በአንድ በመግዛት ነበር። ግዢው በዋናነት ያነጣጠረው መስመሩ ላይ ነው እንጂ መኪናው ላይ አልነበረም፤ የተገዛው መኪና ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይወገዳል፣ መስመሩ ግን ይቀራል።

በ1928 የወጣው ሕግ የባቡር ኩባንያዎች በመንገድ ትራንስፖርት እንዲገቡ ስለፈቀደ፣ ኤል.ኤም.ኤስ. የተባለው የባቡር ኩባንያም ባለአክሲዮን ሆነ። የ1930ው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ መስመር በፈቃድ እንዲሠራ አዘዘ። አዲስ አመልካች ቀርቦ መስመሩ እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ነበረበት፤ ነባሩ ኩባንያና ባቡሩ የመቃወም መብት ነበራቸው። ከሕጉ በፊት ሰፊ መረብ የዘረጋው ሪብል በዚህ በእጅጉ ተጠቀመ። ተቃዋሚዎቹ ይህን የተመቻቸ ሞኖፖል ይሉታል፤ ነገር ግን ጧትና ማታ ትርፍ በማይገኝበት የገጠር መንገድ ላይ አውቶቡስ ማቆየት የተቻለው በዚሁ ከለላ መሆኑ የማይካድ ነው። በ1932 በባሕር ዳርቻዋ የመዝናኛ ከተማ በብላክፑል ያለው ስታንደርዊክ የተባለ የአውቶቡስ ኩባንያ ተገዛ፤ ይህም የለንደንን ረጅም መስመር አመጣ። በጦርነቱ ዘመን፣ በ1942፣ ባለቤትነቱ ቢ.ኢ.ቲ. (ብሪቲሽ ኤሌክትሪክ ትራክሽን) ወደሚባለው የአውቶቡስ ኩባንያዎች ቡድን ተዛወረ።

ሌይላንድ በደጅ

ሪብልን ሪብል ያደረገው አንድ ውሳኔ ነው፤ አውቶቡሶቹን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከአንድ ፋብሪካ መግዛት። የሌይላንድ ሞተርስ ፋብሪካ ከፕሬስተን በስተደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። መለዋወጫ በዚያው ቀን ይደርሳል፤ የፋብሪካው መሐንዲስ አዲስ ሞተር መሞከር ሲፈልግ ሪብል ቅርብ ደንበኛው ነው። መካኒኩ አንድ ዓይነት ሞተር ብቻ ስለሚፈታ እጁ ይፈጥናል፤ ሹፌሩም ከአንዱ ጋራዥ ወደ ሌላው ሲዛወር ያንኑ ማርሽና ያንኑ ፍሬን ያገኛል። ጉዳቱም የዚያው ያህል ነው፦ ፋብሪካው በአንድ ሞዴል ላይ ከተሳሳተ ስህተቱ በመቶዎች ተባዝቶ ጋራዥ ይገባል።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የሌይላንድ ባለ ሁለት ፎቅ ሞዴል፣ ታይታን ፒ.ዲ.1፣ 7.4 ሊትር፣ 100 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነበረው። በ1947 የመጣው ፒ.ዲ.2 ግን በ9.8 ሊትሩ ኦ.600 ሞተር 125 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ከበርንሌይ ወደ ማንቸስተር ባሉት ዳገቶች ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታይ ነበር።

በላንካሸር መንገዶች ላይ ሌላው ራስ ምታት ዝቅተኛ የባቡር ድልድዮች ናቸው። መደበኛው ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ 4.4 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ለዝቅተኛ ድልድይ የሚሠራው ደግሞ 4.1 ሜትር ገደማ ነው። ይህን 30 ሳንቲ ሜትር ለመቀነስ የላይኛው ፎቅ መተላለፊያ ከመሀል ወጥቶ በሹፌሩ ወገን ዝቅ ብሎ ይሠራል፤ ወንበሩም አራት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ረጅም አግዳሚ ይሆናል። ውጤቱን የሚያውቀው ያውቀዋል። ታች በቀኝ በኩል የተቀመጠ ሰው ሲነሳ ከላዩ ከወረደው መተላለፊያ ጋር በጭንቅላቱ ይጋጫል፤ ላይ በመስኮት ጥግ የተቀመጠው ለመውረድ ሦስት ሰው ያስነሳል፤ ትኬት ቆራጩም ሂሳብ ለመቀበል በሦስት ሰው ላይ ተንጠራርቶ ነው።

የብላክፑል ቅዳሜ

የላንካሸር የጥጥ ከተሞች በበጋ ለአንድ ሳምንት ፋብሪካቸውን ይዘጉ ነበር፤ ዌክስ ይሉታል። ከተሞቹ ተራ በተራ እንጂ በአንድነት አይዘጉም፤ ስለዚህም አንድ ከተማ ሲመለስ ሌላው ይነሳል። አብዛኛው ሰው የሚሄደው ወደ ብላክፑል ነው። ለስምሪት ክፍል ይህ ፈተናም በረከትም ነበር፦ የተዘጋው ከተማ የሠራተኛ አውቶቡሶች ሥራ ስለሚፈቱ ያንኑ ከተማ ለማጓጓዝ ይለቀቃሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመናኸሪያው ተቆጣጣሪ ሰልፉን ይቆጥርና ትርፍ መኪና ይጠራል። እስከ መጨረሻው የሚሄደው ተሳፋሪ በፊተኛው መኪና ይሞላል፤ ያም መንገድ ላይ ሳይቆም ይሄዳል። በየፌርማታው የሚወርደው በኋለኛው ይሳፈራል፤ መንገድ ላይ የሚጠብቀውንም የሚያነሳው እሱ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሁሉም መኪና በሁሉም ፌርማታ ይቆማል፣ የመመለሻ ሰዓት ያልፋል፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ፕሮግራም ይፈርሳል። የጎደለው መኪና ብቻም አይደለም፤ የሹፌር የሥራ ሰዓት በሕግ የተገደበ ስለነበር፣ የዘገየ ሹፌር ሁለተኛውን ጉዞ ሊሠራ አይችልም። ከማንቸስተር ሎወር ሞዝሌይ ስትሪት መናኸሪያ ወደ ብላክፑል የሚሄደው ኤክስ 60፣ ከላንካሸር ዩናይትድና ከኖርዝ ዌስተርን ኩባንያዎች ጋር በጋራ የሚሠራ ሲሆን የዚህ ሥርዓት ዋና መድረክ ነበር።

በ1948 ለእነዚህ ፈጣን መስመሮች 30 ባለ ሁለት ፎቅ የምቾት አውቶቡሶች ገቡ፤ ሻንሲያቸው ፒ.ዲ.1፣ ቦዲያቸው የብላክፑሉ በርሊንግሃም፣ ወንበራቸው 49 ብቻ። ክሬማቸው ከቀዩ ስለሚበዛ ነጭ እመቤት ተባሉ። ጥቂት ቆይቶ 20 ሌሎች በፒ.ዲ.2 ሻንሲና በኢስት ላንክስ ቦዲ ተጨመሩ። በአገሪቱ ያን ያህል ያማሩ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች በጊዜው ጥቂት ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1956 ሕጉ ባለ ሁለት አክሰል ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ከ8.2 ወደ 9.1 ሜትር እንዲረዝም ፈቀደ። ሪብል ወዲያው 105 ፒ.ዲ.3 አዘዘ፤ 72 ወንበር፣ በር ከፊት፣ አፍንጫቸው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ። ሽፋኑ ለዓይን ያምራል፤ ለመካኒክ ግን ሞተሩ ጋ መድረሻውን ያጠባል፣ ሙቀቱንም ሹፌሩ ላይ ይመልሳል።

ቀጥሎ የመጣው የሌይላንድ ሞዴል፣ አትላንቲያን፣ ሞተሩን ወደ ኋላ ወስዶ በሩን ከሹፌሩ አጠገብ አደረገው፤ 78 ሰው ያስቀምጣል። ፍሪሲዮን የለውም፤ ማርሹ በትንሽ እጀታ በአየር ግፊት ይገባል። ሞተሩ ሩቅ ስለሆነ ሹፌሩ ድምፁን አይሰማም፤ ነዳጅ ሳይለቅ ማርሽ ሲቀይር የካምቢዮው ባንዶች ይቃጠላሉ። ሞተሩ የኋላ ጎማ የሚበትነውን አቧራና ጭቃ ይቀበላል፤ ካልታጠበ ይሞቃል። በአንድ ሰው ለመሥራት የተመቸ ቢሆንም፣ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስን ያለ ትኬት ቆራጭ ማሠራት የተፈቀደው በ1966 ነው።

የብሪታንያ የመጀመሪያው አውራ ፍጥነት መንገድ የተከፈተው በሪብል ደጅ ነው። የፕሬስተን ማለፊያ ታኅሣሥ 5 ቀን 1958 በጠቅላይ ሚኒስትር ማክሚላን ተመረቀ፤ ከ46 ቀን በኋላ ውርጭ ስለጎዳው ለጥገና ተዘጋ። በማግስቱ ዓመት ኤም 1 የተባለው የለንደን አውራ ፍጥነት መንገድ ሲከፈት ለለንደን መስመር 37 አትላንቲያኖች ተሠሩ፤ 15ቱ በሪብል፣ 22ቱ በስታንደርዊክ ስም። ወንበሩ ወደ 50 ተቀንሶ ሽንት ቤትና ትንሽ ኩሽና ገባ፤ አስተናጋጅ ሻይና ቀላል ምግብ ታቀርብ ነበር። ስካውት የተባለው የፕሬስተን ተፎካካሪ በ1961 ተገዛ።

ከመንግሥት እስከ ስቴጅኮች

ቢ.ኢ.ቲ. አውቶቡሶቹን ለመንግሥት ሸጠ፤ ከጥር 1 ቀን 1969 ጀምሮ ሪብል የናሽናል ባስ ካምፓኒ አካል ሆነ። በ1972 ነባሩ የቼሪ ቀይ ቀለም ቀርቶ የመላው አገር ደማቅ ቀይ ተቀባ፤ ይህን ለማስዋብ ነበር ብሎ የሚከራከር ብዙ የለም። የፕሬስተን መናኸሪያም በ1969 ተከፈተ፦ በሁለት ጎን 80 በሮች፣ ከላዩ 1,100 መኪና የሚያቆም ፎቅ። ሊፈርስ ጥቂት ቀርቶት በ2013 ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

የዘመኑ መኪና ዎርኪንግተን የሚሠራው ሌይላንድ ናሽናል ነበር። 510 የተባለው ሞተሩ የሚነሳ ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) የለውም፤ ቫልቭ ለመጠገን ፒስተኖቹን ማውጣት ግድ ነው። ጥገናው ሲዘገይ ጥቁር ጭስ ያጨሳል። ማሞቂያውም ከጣሪያ በኩል ስለሆነ ራስ ሞቆ እግር ይበርደዋል።

በ1986 መንግሥት ከፕራይቬታይዜሽን በፊት ሪብልን ቆረሰው፤ የኩምብሪያው ክፍል ወደ ኩምበርላንድ ኩባንያ፣ የመርሲሳይዱ ክፍል አዲስ ወደተቋቋመው ኖርዝ ዌስተርን ኩባንያ ሄደ። የመንግሥት ምክንያት ትላልቅ ኩባንያዎች ውድድርን ያፍናሉ የሚል ነበር። ጥቅምት 26 ቀን 1986 የመስመር ፈቃድ ቀረ፤ የተቆረሰው ሪብልም ውድድሩን ጀመረ። በመጋቢት 1988 ሥራ አመራሩ ራሱ ገዛው፤ በሚያዝያ 1989 ስቴጅኮች ለተባለው የግል የአውቶቡስ ኩባንያ ተሸጠ። ስቴጅኮች በ2001 የምሥራቅ ላንካሸሩን ሥራ ብሌዝፊልድ ለተባለ ሌላ ኩባንያ አስተላለፈ፤ ከማንቸስተር በበርንሌይ በኩል የሚሄደው ኤክስ 43 ዛሬ ብሌዝፊልድን በኋላ በገዛው በትራንስዴቭ እጅ ያለው በዚሁ መንገድ ነው። ከላንካስተር በሐይቆቹ መካከል ኬዚክ የሚደርሰው 555 ደግሞ ስቴጅኮች ጋ ቀርቷል። ስቴጅኮች በ2009 የከተማውን ፕሬስተን ባስ ቢገዛም የውድድር ኮሚሽኑ እንዲሸጥ አዘዘው፤ በ2011 ሮታላ የተባለ የአውቶቡስ ኩባንያ ገዛው።